ነጠላው ነጭ ሆኖ ጥለቱ ለምን ተለወጠ?

በተማሪዎች መጽሔት ስለ ፊልም ሲጻፍ ነገሩ ሁሉ በድርሰቱና በትወናው ዙሪያ ያልቃል፤ ስለ ቀለም ብዕሩን የሚያነሣ ብዙ አይገኝም። እኛም ብንሆን እስካለፈው ዓመት ድረስ ቀለምን የካሜራው ጉዳይ አድርገን እንተወው ነበር። ስህተታችንን የነገሩን መምህር ወይም መጽሐፍ ሳይሆኑ፥ በፊልማችን ውስጥ የተቀረጹት እናት ናቸው። ስለዚህ ከእርሳቸው እንጀምር።

እማማ (ስማቸውን እዚህ መጥራት አያስፈልግም) የሚኖሩት በየካ ክፍለ ከተማ፥ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ የእንጦጦ ዳገት በሚጀምርበት ሰፈር ነው። በጉልበታቸው ዘመን እንደ ብዙ የዚያ አካባቢ ሴቶች ከባሕር ዛፉ ጫካ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው እየተሸከሙ ወርደው ልጆቻቸውን አሳድገዋል። እኛ አራት ተማሪዎች ሆነን ይህንን ታሪካቸውን በሃያ ደቂቃ ፊልም ለማሳየት ተነሣን። በእጃችን የነበረው ቀረጻ ሦስት ዓይነት ነበር። አንደኛው በተዋስነው የሶኒ ካሜራ እኛው ያነሣነው ነው። ሁለተኛው ከመካከላችን አንዱ በስልኩ የቀረጸው ነው። ሦስተኛው ደግሞ እማማ ከሣጥናቸው አውጥተው በአደራ የሰጡን፥ የበኩር ልጃቸው ሠርግ በ1987 ዓ.ም. የተቀረጸበት የቪ.ኤች.ኤስ. ካሴት ነው። ያች ልጅ ዛሬ በሕይወት የለችም። ስትራመድና ስትስቅ የምትታየው በዚያ ካሴት ብቻ ነው።

ፊልሙን አቀናብረን እንደ ጨረስን ላፕቶፓችንን ይዘን ቤታቸው ሄድን። እማማ ዝም ብለው አይተው ሲያበቁ፥ «እግዜር ይስጣችሁ ልጆቼ» አሉን፤ ጥቂት አሰብ አድርገውም፥ «ግን ያ የመልሱ ዕለት ካባ የልጄ አይደለም» አሉ። «የልጄ ካባ ደም የመሰለ ቀይ ከፋይ ነበር፤ ይኼ የብርቱካን ልጣጭ ነው የሚመስለው። እኔስ ብሆን ፊቴን አመድ የነሰነሳችሁበት ምነው?» እኛም ደንግጠን፥ ካሴቱ ስላረጀ ነው፥ የእንጦጦም ፀሐይ ኃይለኛ ስለሆነ ነው ብለን ለማስተባበል ሞከርን። በእውነቱ ካሴቱም ፀሐይዋም ያለ በደላቸው ነበር የተከሰሱት።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፥ ቪዲዮ በኮምፒዩተር ውስጥ ሲቀመጥ ቀለም የሌለው መሆኑ ነው። ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ ቀለም የሚሆነው አነባበቡ ሲታወቅ ነው፤ ይህንንም አነባበብ የሙያው ሰዎች ከለር ስፔስ ይሉታል። ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህን ለማስረዳት ከዘመን አቆጣጠር የተሻለ ምሳሌ ያለ አይመስለንም። በአንድ ወረቀት ላይ 2005 ተብሎ ቢጻፍና አጠገቡ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚል ባይኖር፥ አንባቢው በግምት ካልሆነ በቀር ዘመኑን ሊያውቅ አይችልም። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። ምልክቱን መጻፍ አንድ ሥራ ነው፤ ቁጥሩ አይነካም፥ አነባበቡ ብቻ ይታወቃል። ቁጥሩን መለወጥ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው፤ ሰባት ወይም ስምንት ይጨመርበታል፥ የሚነገርለት ቀን ግን ያው የቀድሞው ነው። በ2005 ዓ.ም. የሆነውን ነገር ቁጥሩን ሳይለውጡ «2005 እ.ኤ.አ.» ብሎ መጻፍ ታሪክን በሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መውሰድ ነው። አንድ ጊዜ የተለወጠውን ቁጥር ሳያውቁ ደግሞ መለወጥም ሌላ ሰባት ስምንት ዓመት ያሳስታል። እኛ በሃያ ደቂቃ ፊልም ውስጥ ሁለቱንም ስህተቶች ፈጽመናቸው ነበር።

የካባውን ነገር እናስቀድም። ካሜራ ብርሃንን ቀይ፥ አረንጓዴና ሰማያዊ አድርጎ ይለካል፤ በፋይሉ ውስጥ ሲያስቀምጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሌላ መልክ ነው፤ ይኸውም አንድ የብሩህነት ቁጥርና ሁለት የቀለም ልዩነት ቁጥሮች። ይህ ልማድ የመጣው ከጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ዘመን ነው። ባለ ቀለም ስርጭት ሲጀመር አሮጌው መቀበያም እንዲያየው ብሩህነቱ ለብቻው መላክ ነበረበት። (በአገራችን ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1964 በጥቁርና ነጭ ተጀምሮ ባለ ቀለም የሆነው ከሃያ ዓመት በኋላ በ1984 ነው።) እንግዲህ ብሩህነቱ ከሦስቱ ቀለሞች የሚቀመመው በምን መጠን ነው? በዚህ ላይ የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ያወጣቸው ሁለት ደንቦች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣውና ለድሮው ቴሌቪዥን የሚያገለግለው 601 የተባለው ደንብ፥ ከቀይ 0.299፥ ከአረንጓዴ 0.587፥ ከሰማያዊ 0.114 ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውና ለኤች.ዲ. ቪዲዮ የሚያገለግለው 709 ደግሞ ከቀይ 0.2126፥ ከአረንጓዴ 0.7152፥ ከሰማያዊ 0.0722 ይወስዳል። በአንዱ ተቀምሞ በሌላው የተፈታ ቪዲዮ ቀለሙ ይዛባል።

ምን ያህል ይዛባል ለሚል፥ እኛ በወረቀት አስልተነዋል። በ601 የተቀመጠ ፍጹም ቀይ በ709 ሲነበብ፥ ባዶ መሆን የነበረበት አረንጓዴው ከ255 ወደ 25 ገደማ ይሆናል፤ ቀይ ላይ አረንጓዴ ጣል ሲደረግበት ደግሞ ወደ ብርቱካን ያደላል። ፍጹም አረንጓዴው 255 መሆኑ ቀርቶ 215 ገደማ ላይ ወርዶ ይጠቁራል። ብጫውም ትንሽ ወደ ወርቃማ ይዞራል። የእማማ «የብርቱካን ልጣጭ» እንግዲህ በሒሳብ የሚገኝ ቀለም ነው ማለት ነው።

አስገራሚው ነገር ግን ይህ ስህተት ነጩን አይነካም። ነጭ፥ ግራጫና ጥቁር ሁለቱ የልዩነት ቁጥሮቻቸው ባዶ ስለሆኑ፥ በየትኛውም ቀመር ቢፈቱ ያው ናቸው። እኛንም ያሞኘን ይኸው ነው። ሥራችንን ስንመረምር የሙሽራዋ ሚዜዎች የለበሱትን ነጠላ አይተን፥ ነጩ ነጭ ነው፥ ስለዚህ ቀለሙ ትክክል ነው ብለን ፈረድን። ጥለቱን አላየንም። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቀረጻ በመጣ ቁጥር የምናየው የነጠላውን ነጭ ብቻ ሳይሆን ጥለቱንም ነው። ነጩ ደኅና ሆኖ የጥለቱ ቀይና አረንጓዴ ከተንሸራተቱ ጥርጣሬያችን በዚህ ቀመር ላይ ይሆናል። ነጩ ራሱ ከደበዘዘ ወይም ከነደደ ግን በሽታው ሌላ ነው፤ ወደ እርሱ እንመጣለን።

ስህተቱ እንዴት ገባ? ካሴቱን ወደ ፋይል የለወጠልን አንድ ቪዲዮ ቤት ነው። የድሮው ቀረጻ ቁመቱ 576 መሥመር ሲሆን፥ እነርሱ ደግሞ ደግ የሠሩ መስሏቸው ወደ 1080 አሳድገው ሰጡን። ቀመሩን ግን አልለወጡትም፤ ምልክትም አልጻፉበትም። ማቀናበሪያ ሶፍትዌሮችና ማጫወቻዎች ምልክት ያጡ እንደሆነ ብዙዎቹ በቁመቱ ይገምታሉ፤ አጭር ከሆነ 601፥ ረጅም ከሆነ 709 ይላሉ። 576 እንደ ሆነ ቢቀር ግምቱ ትክክል ይሆን ነበር፤ መሥመሩ ስላደገ ግን ግምቱ ስህተት ሆነ። መፍትሔውም ከባድ አልነበረም። ኤፍ.ኤፍ.ኤምፔግ በተባለው ነጻ መሣሪያ፥ የመጣው በ601 ነው፥ ወደ 709 ቀይረህ ምልክቱንም ጻፍበት ብለን አዘዝነው፤ ካባው ወደ ደሙ ተመለሰ። ከዚህ ቀደም ግን ሁለት ሌሊት ሙሉ ቀዩን በእጅ ወደ ታች እየጎተትን ስንለፋ አድረናል። ካባው ሲስተካከል የሙሽራዋ ከንፈር ይበላሻል፤ ከንፈሩ ሲስተካከል አጎዛው ይበላሻል። ሦስቱን ቁጥሮች አንድ ላይ የሚያቃና ሒሳብ እያለ አንዱን ነጥሎ በዐይን መጎተት ውጤቱ ይኸው ነው።

ነጩን የሚያበላሸው የመጀመሪያው ነገር የቁጥሩ ስፋት ነው። በስምንት ቢት ቪዲዮ ከ0 እስከ 255 ያሉ ቁጥሮች አሉ፤ የቴሌቪዥን ልማድ ግን ጥቁሩን 16 ላይ፥ ነጩን 235 ላይ ያስቀምጣል። አንዳንድ ካሜራ ደግሞ ሙሉውን ስፋት ይጠቀምበታል። ጠባቡ እንደ ሰፊ ከተነበበ ጥቁሩ ጭጋግ ይለብሳል፥ ነጩም ይደክማል። ሰፊው እንደ ጠባብ ከተነበበ ከ16 በታች ያለው ጥላ ሁሉ አንድ ጥቁር፥ ከ235 በላይ ያለው ነጭ ሁሉ አንድ ነጭ ሆኖ፥ የነጠላው እጥፋትና የፈትሉ ሥራ ከዐይን ይጠፋል። ይህ የደረሰብን በጥቂት ቀረጻ ላይ ስለሆነ አንዘገይበትም። የቀረጻውን ምልክት «ሙሉ» ወይም «ቪዲዮ» ብሎ ማስተካከል ይበቃል፤ ፋይሉን ደግሞ መለወጥ አያስፈልግም።

የእማማ ፊት አመድ የመሰለበት ምክንያት ግን ከዚህ ይሰፋል። እማማ ስእለት ስላላቸው ወደ ዋሻ ሚካኤል፥ የካ ተራራ ላይ ከአለት ወደተፈለፈለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ተከትለናቸው ነበር። ውስጡ ጨለማ፥ ውጭው ነጭ እሳት ነው። ካሜራ በተለመደው አሠራር ጨለማውን ያየ እንደሆነ ውጭውን ያቃጥለዋል፤ ውጭውን ያየ እንደሆነ ዋሻው ይዘጋበታል። ስለዚህ ሎግ በሚባለው አሠራር፥ በሶኒ አጠራር ኤስ-ሎግ 3 በሚባለው ቀረጽን። ሎግ ብርሃኑን ሁሉ በጠባብ ሣጥን አጣጥፎ የሚያስገባ ስሌት ነው። ልብስ በሻንጣ ታጥፎ እንደሚገባ ያለ ነው፤ ታጥፎ ሳለ አይለበስም።

ሶኒ ባወጣው ስሌት መሠረት፥ ከወደቀበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ግራጫ ወረቀት 41 በመቶ ላይ ይቀመጣል፤ 90 በመቶውን የሚመልስ ነጭ ወረቀት ደግሞ 61 በመቶ ላይ ይቀመጣል። በ709 ስሌት ግራጫው እዚያው 41 በመቶ ግድም ሲሆን፥ ነጩ ግን 95 በመቶ ላይ ይወጣል። ልብ ብሎ ላየው ይህ ብዙ ይገልጣል። መካከሉ በሁለቱም አንድ ነው፤ ነጩ ግን በሎግ ወርዶ ወደ መካከሉ ይጠጋል። ከመካከሉ በታች ያለው ደግሞ ከፍ ይላል፤ 9 በመቶ የሚመልስ ነገር በ709 27 በመቶ ገደማ ሲሆን በሎግ 32 ይሆናል። እንግዲህ በነጭ ነጠላ የተከበበ የጠይም ሰው ፊት በሎግ ሲታይ፥ ነጠላው ወደ ታች፥ ፊቱ ወደ ላይ መጥተው ሁለቱም በግራጫው አጠገብ ይገናኛሉ። አመድ የተባለው ይህ ነው።

ከዚህም ሌላ ካሜራው የተጠቀመበት የቀለም ክልል ከ709 የሰፋ ነው። በሰፊው ክልል የተለካ ቀይ በጠባቡ ሲነበብ ገርጥቶ ይታያል። እኛ ይህን አይተን ያደረግነው ሳቹሬሽን የሚባለውን እጀታ ወደ ላይ መግፋት ነበር። እጀታው ግን ሁሉን እኩል ይጎትታል፤ ትክክለኛው ለውጥ እያንዳንዱን ቀለም በየፊናው ነው የሚያንቀሳቅሰው። በዚህ የተነሣ ብርማ ሰማያዊ የሆነው የባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል ከጽዱ ጋር አንድ አረንጓዴ ሆነ፤ እንጦጦን የሚያውቅ ሰው ሁለቱን ከሩቅ ይለያቸዋል። የእማማ ፊት ግን ያው እንደ ገረጣ ቀረ።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የሎጉ እጥፋት ተፈትቶ ቁጥሩ ወደ እውነተኛው የብርሃን መጠን ይመለሳል፤ ሁለት ብርሃኖች ሲደረቡ ድምራቸው ልክ የሚሆነው በዚህ መጠን ብቻ ነውና። ቀጥሎ በዚህ መጠን ላይ ሳለ ከሰፊው የቀለም ክልል ወደ 709 በዘጠኝ ቁጥሮች ሠንጠረዥ ይባዛል። በመጨረሻ የ709 ስሌት ይደረግበታል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በተባለው ሶፍትዌር ይህን ሁሉ ከለር ስፔስ ትራንስፎርም የሚባለው መሣሪያ ይሠራዋል። የሚጠይቀውም አራት ነገር ነው፤ የመጣበት ክልልና የመጣበት ስሌት፥ የሚሄድበት ክልልና የሚሄድበት ስሌት። የመጣበትን በግምት የሞላ ሰው ከመጀመሪያው ቢተወው ይሻለዋል፤ ካሜራው በምን እንደ ቀረጸ በቀረጻው ዕለት በማስታወሻ መጻፍ ያስፈልጋል።

እኛ ይህን ከተማርን በኋላ ደግሞ ሁለተኛውን ስህተት ፈጸምን። ከመካከላችን አንዱ የፕሮጀክቱን መቼት ሶፍትዌሩ ራሱ ሎጉን እንዲፈታ አድርጎ አስተካከለ። ሌላው ይህን ሳያውቅ፥ በቴሌግራም እጅ ለእጅ ከሚዞሩት ለት ከሚባሉት ሠንጠረዦች አንዱን ጨመረበት። ለት «ይህ ቁጥር ሲገባ ያ ቁጥር ይውጣ» የሚል የተዘጋጀ ዝርዝር ነው፤ ሎግ ይገባል ብሎ የተሠራ ለት የተፈታ ቪዲዮ ቢሰጡትም አይጠይቅም፥ ደግሞ ይፈታዋል። ነጠላው ነደደ፥ የእማማ ፊትም ጥላ ሆነ፤ ዐይናቸው ብቻ ቀረ። ከላይ በቁጥሩ እንደ ታየው፥ ከመካከል በላይ ያለው ሁለት ጊዜ ወደ ላይ፥ ከመካከል በታች ያለው ሁለት ጊዜ ወደ ታች ስለ ተገፋ ነው። ስህተቱ ለነጩ ልብስ ዝርዝሩን ሲያሳጣ፥ ለጠይሙ ፊት ሰውነቱን ያሳጣል።

ይህም አዲስ ታሪክ አይደለም። ኮዳክ ለፎቶግራፍ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም መመዘኛ አድርጎ ይልክ የነበረው ካርድ፥ ሸርሊ ተብሎ የሚጠራው፥ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የነጭ ሴት ሥዕል ነበር። ልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሰዎች በካርዱ ላይ የታዩት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። የካናዳዪቱ ምሁር ሎርና ሮት ስለዚህ ነገር በሰፊው ጽፈዋል። በዛሬው ሶፍትዌር ውስጥ መመዘኛው ቁጥር ስለሆነ ለማንም አያደላም ይባላል። እኛ ግን አንድ ነገር አስተውለናል፤ በነጠላ የተከበበ ፊት በአውቶማቲክ ሲቀረጽ ካሜራው ለነጠላው ሲሳሳ ፊቱን ያጨልመዋል፥ ያንንም በኋላ የሚያድነው የቀለም ለውጥ የለም። ስለዚህ ብርሃኑን ለፊቱ መለካት የእኛው ፈንታ ነው።

ስለ ስልኩ ቀረጻ ጥቂት ቃል እንበል። ከአይፎን 12 ወዲህ ያሉት አይፎኖች ኤች.ዲ.አር. በሚባለው መልክ፥ ቢ.ቢ.ሲና የጃፓኑ ኤን.ኤች.ኬ. ባዘጋጁት ኤች.ኤል.ጂ. በተባለው ስሌት መቅረጽ ይችላሉ፤ ክልሉም እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሰፊው 2020 ነው። ያንን ሳይለውጡ ከ709 ጋር ቢቀጥሉት ሰማዩ ወይ ይነድዳል ወይ ይገረጣል። ጓደኛችን ከመቅረጹ በፊት በስልኩ መቼት ኤች.ዲ.አር.ን ቢያጠፋው ኖሮ ግማሽ ቀን ባተረፍን ነበር። ሌላም አለ፤ በስምንት ቢት ሎግ የቀረጽነው የእንጦጦ ሰማይ ሲፈታ እንደ እርከን ደረጃ በደረጃ ሆነ። ስምንት ቢት 256 ደረጃ ብቻ ስላለው፥ የታጠፈው ሲዘረጋ ክፍተቱ ይታያል፤ አሥር ቢት 1024 አለው። ያ ሰማይ እስካሁን በፊልሙ ውስጥ እንደ እርከን ነው። ማለፊያ አላገኘንለትም።

ይህ መጽሔት በጥቁር ቀለም ብቻ ስለሚባዛ የቀድሞውንና የአሁኑን ካባ ጎን ለጎን ልናሳይ አልቻልንም። ሊያይ የሚወድ ወደ ማኅበሩ ክፍል ብቅ ይበል።

ፊልሙን አርመን ለሁለተኛ ጊዜ እማማ ቤት የሄድነው በዘንድሮው የጥምት ሰሞን ነው። በዚህ ጊዜ በላፕቶፕ ሳይሆን በቤታቸው ቴሌቪዥን እናሳይ ብለን ስንከፍት፥ ካባው እንደገና ቅጥ ያጣ ቀይ ሆኖ ታየ። ደነገጥን። ነገሩ ሲመረመር ቴሌቪዥኑ «ቪቪድ» በሚባለው መቼት ላይ ስለ ነበረ ቀለሙን ሁሉ በራሱ ፈቃድ ያጋንነው ኖሯል፤ ወደ «ሲኒማ» ስንለውጠው ሰከነ። እማማ ካባውን ባዩ ጊዜ ምንም አላሉም፤ ወደ መስታወቱ ቀረብ ብለው ቆሙ። የሟችዋ ታናሽ ወንድም ግን፥ «ካባው ልክ ነው፤ ያ ግድግዳ ግን ያኔ ሰማያዊ ነበር፥ እኔው ነኝ የቀባሁት» አለን። በፊልሙ ላይ አረንጓዴ ይመስላል። ወደ ካሴቱ ተመልሰን ብናይም እዚያውም አረንጓዴ ነው፤ የሠርጉ ቀራጭ ከቤቱ አምፑል በታች የነጩን ሚዛን ሳያስተካክል ቀርጾታል። የቀለም ለውጥ የተጻፈውን በትክክል ማንበብ እንጂ፥ መጀመሪያውኑ የተሳሳተውን ማረም አይሆንለትም። ግድግዳውን በእጃችን ሰማያዊ ልናደርገው እንችል ነበር፤ ሙሽራዋ ግን ከግድግዳው ፊት ቆማ ነው የምትስቀው፥ ግድግዳው ሲሰመይ የፊቷ ጠርዝ አብሮ ይሰመያል። ወንድሟን ጠይቀነው ግድግዳው እንዳለ ይቅር አለ።